ሽማግሌዎቹን የጫነችው መኪና

ታኅሣሥ 14

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ጠዋት የአንድ ሚኒባስ ክላች ጨረስን። ከሰዓት የአንዷለም አሮጌ የመስክ መኪና መጣች፤ የኋላ ጎማዋ በፍሬን ዘይት ርሷል። እሱ ግን የለም። ጎረቤቱ ጋሽ ባዩ ናቸው ሾፌር ይዘው ያመጧት። ለምን ራሱ አልመጣም?

ጋሽ ባዩ አያውቁኝም። ከመኪና ሥር ስወጣ አይተው ሣቁ።

«አንቺ ነሽ ሜካኒኳ? እንግዲህ ነፍሳችን በእጅሽ ናት የኔ ልጅ። ትናንት ዓለም በር ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎን አራት ሽማግሌ ልናልቅ ነበር።»

ወዴት እየሄዱ ነበር አልኳቸው። እንዲያው ለወሬ ያህል።

«ሐሙሲት። ለአንዷለም የእህል ነጋዴውን ልጅ ልንጠይቅለት። ሰጡን፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።»

እንኳን ደስ አላችሁ አልኳቸው። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ…

ታኅሣሥ 15

አልሠራሁም። አልበላሁም።

ታኅሣሥ 16

ሦስት ዓመት። አንዷለም መኪናዋን ሲገዛት ዶሮ ያድርባት ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ጋራዥ የገባሁ ሰሞን ነው፤ ሞተሯን ፈትቼ የገጠምኩት እኔ። ዛሬ ሰው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ እያመላለሰ ይተዳደርባታል። ከጥምቀት በኋላ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ ይለኝ ነበር። ላከ። እኔ ባስነሣኋት መኪና፣ ለሌላ።

ደወልኩለት። «እናቴ እሺ አላለችም» አለኝ። ዘይት የጠገበ እጅ ለሙሽራ አይሆንም ብላ…

«እጄ ሲያበላህ አልሸተተህም?» አልኩት።

ስልኩን ዘጋሁበት። ቢዋሸኝ ይሻለኝ ነበር?

ታኅሣሥ 19

የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሞላ ሥራውን ለባልደረባሽ ለይሻው ልስጠው፣ አንቺ ጥቂት ቀን ዕረፊ አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። እምቢ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ብተኛ፣ ድሮም ሴት አይሆንላትም ሊሉ ነው። እኔ የገጠምኳትን ሌላ አይፈታትም።

ይሻው «አንድ ብሎን ላላ አድርጊለትና ተገላገይ» አለ። ቀልዱን ነው። ሁሉም ሣቁ።

እኔ አልሣቅኩም። ለአንድ አፍታ አሰብኩት። ለራሴ ስለምጽፍ አልደብቅም፤ አሰብኩት። ከዚያ ጋሽ ባዩ ትዝ አሉኝ። ልጅቱም… እሷ ምን አጠፋች?

ጥር 3

መንገድ ተዘግቶ የቆየው ዕቃ ከባሕር ዳር ደረሰ። ዘይት ያፈሰሱትን ያረጁ የጎማ ማሸጊያዎች፣ ጎሚኒዎቹን፣ ቀየርኩ። የፍሬን ሸራውንም።

ጥር 5

ከፍሬን አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ፔዳል ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር የአየር ማስወጫውን ብሎን ይከፍታል። ይሻው ዕቃ ሊገዛ ወጥቷል፤ አንዷለም ደግሞ መኪናዋን ሊወስድ መጥቷል። አይቶኝ መሬት መሬት ያያል። ግባና ርገጥ አልኩት። ከሥር ገባሁ።

«ርገጥ።»

ረገጠ።

«ያዝ።»

ከፈትኩ። ዘይቱ አረፋ እየተፋ ወጣ።

«ሰብለ… ይቅር በይኝ» አለ ከላይ።

«ያዝ ብዬሃለሁ። ሳልዘጋው እንዳትለቅ።»

ለቀቀ። አየሩ ተመልሶ ገባ፤ የሠራነው ሁሉ ከንቱ። እንደገና ከመጀመሪያው። ፊቴ ላይ ያለው ዘይት ይሁን ዕንባ… አላየኝም። ያዝ ያሉትን የማይይዝ ሰው ሦስት ዓመት ጠበቅሁ!

በአራቱም ጎማ ጨረስን። ከዚያ ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ዓለም በር ወረድኩ። እሱን ጋራዥ በር ላይ ትቼው። ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ጊዜ ረገጥኩ። ሦስቱንም ቀጥ አለች።

ስመለስ ቁልፉን ሰጠሁት። ሌላ ነገር የሚጠብቅ መሰለ።

«ጋሽ ባዩን፣ አይፍሩ ብላለች በልልኝ» አልኩት።

ጥር 18

ሠርጉ ዛሬ ነው።

ከቅዳሴ መልስ ቤት ነበርኩ። ሙሽራ ሊያመጡ ሲወርዱ በእኛ በር አለፉ፤ ጡሩምባው፣ ጭብጨባው። ከዚያ ሁሉ መኪና እኔ የገጠምኩትን ሞተር ለየሁት። ድሮ ያንን ድምፅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ በር እሮጥ ነበር። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ።

ጠምዛዛው ላይ መኪናዋ ፍጥነቷን ቀነሰች። ቀስ ብላ፣ ፍሬኗ ሳይጮህ። ከዚያ ራቀች።

አለቀስኩ። በር ግን አልወጣሁም።