የጋለው ሞላ

ሚሳኤል ልጄ፣

ጉንጭህ ካበጠ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ አለ።

መኪናህ ዝቅ እንድትል በእሳት ያጋልካቸውን ሞላዎች ዛሬ ጠዋት በትልቁ መዶሻ ቀጥቅጬ ጣልኳቸው። ስብርባሪው በር ላይ ስለሆነ በባዶ እግርህ እንዳትወጣ። በምትካቸው ከራሴ የቤት መኪና ፈትቼ አስገብቼልሃለሁ።

ሞላዎቹ ያረፉበትን የእግሯን ቡሎኖች ግን ገና አላጠበቅኳቸውም። መጀመሪያ ከክሪክ አውርዳትና ክብደትህ እንዲያርፍባት አንተ መሪው ጋ ተቀመጥ፤ ከዚያ ረዳትህ ቃለሕይወት ከሥር ገብቶ ያጥብቅልህ። የፊቱን ሾክ አብዞርበር ደግሞ አታጠንክረው። ኩርባ ላይ ጎማው መሬት ከለቀቀ መሪ ብትጠመዝዝ አትሰማህም።

"ጋሼ፣ አንተ ሚኒባስ እንጂ የውድድር መኪና መች ታውቃለህ?" አልከኝ። ያኔ ነው በጥፊ ያጮልኩህ።

አውቃለሁ ልጄ።

ጓደኛዬ አምሐ እንዳንተው ይወዳደር ነበር። ኩርባ ላይ ሞላው ተሰብሮበት ግንብ ውስጥ ገባ። መሪው ደረቱን ደፈጠጠው። ጎትቼ ሳወጣው አፉ ደም ሞልቶ ነበር።

ሞላውን በእሳት ያጋልኩለት እኔ ነኝ።

ለእናቱ ለእትዬ ዓለሚቱ ግን "ፍሬን እምቢ ብሎት ነው" አልኳቸው። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ትናንት እጄን አንተ ላይ ካነሳሁ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እውነቱን ልነግራቸው ነፋስ ስልክ ቤታቸው ሄጃለሁ። የአምሐ ወንድሞችም እዚያው ናቸው፤ ዱላ ይቀናቸዋል።

ከነሱ የተረፈ ፊት ካለኝ አንተም ጥፊህን ትመልሳለህ። ብቻ እሁድ ከውድድሩ በእግርህ ና።

ከበበው