በባዶ ሆድ በኦቲየኖ ፒኪፒኪ

ሐሙስ

ዛሬም በላብ ርሶ ገባ። ነሐሴ ነው፤ ናይሮቢ ሰው ሁሉ ሹራብ ደርቦ ነው የሚውለው። ባሌ ታደሰ ሞተሩን ግቢ ውስጥ አቁሞ ቶሎ አልወረደም። በመስኮት አየሁት፤ እጁን ዘርግቶ ያየዋል። ምን ሆነሃል ስለው “ትራፊኩ ነው” አለኝ። በመኪኖች መሀል እየሰነጠቀ የሚያልፍ ሰው ስለ ትራፊክ ሲያማርር።

ሞተሩ የኦቲየኖ ነው፤ ኢምባካሲ ካርጎ መጋዘን ከታደሰ ጋር ይሠራል። ለዕረፍት አገሩ ሲገባ “ፒኪፒኪዬን ንዳት፣ ቆማ እንዳትበላሽ” ብሎ ትቶለት ሄደ። አሮጌ ናት። ባሌ ግን ከመጣች ጀምሮ ጠዋት እያፏጨ ነው የሚወጣው።

መጀመሪያ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ጅማ ተማሪ ሳለን የእንስሳት ሐኪሙን የጋሽ በላቸውን ሞተር እንዋስ ነበር። ጡሩንባ አልነበራትም፣ ጡሩንባዋ እኔ ነበርኩ። ከኋላ ተቀምጬ ፍየሉንም ሰዉንም “ዞር በሉ፣ ፍሬን የላትም!” እያልኩ እጮሃለሁ። ፍሬኗ ደህና ነበር። ታደሰ ሳቅ ሲያሸንፈው ሞተሯ ትጠፋለች፤ ወርደን በጭቃ ውስጥ እንገፋለን። እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኜ ክፍል ገብቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ዓርብ

ስልክ ደወለ። “ዌስትላንድስ ነኝ።” ምን ልትሠራ ብለው “እንጃ” አለ። ከሥራ ወደ ቤት የሚመጣ ሰው ነው። ቤታችን ሳውዝ ሲ ነው፤ ከተማውን አልፎ ዌስትላንድስ ምን ወሰደው?

ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው፣ ውሃም አይቀምስ። መጥቶ ሽሮውን ሲበላ ፊቱ ተመለሰ። “አርጅቻለሁ በቃ” ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዌስትላንድስ ማን አለው እያልኩ አመሸሁ።

እሑድ

ትናንትም ዛሬም ደህና ነበር። ቅዳሜና እሑድ እስከ ዘጠኝ አይጾምም፤ ከቅዳሴ መልስ በጊዜ በላን። ዛሬ ነጠላዬን ጎማው እንዳይስበው ወገቤ ላይ አሰርኩና ከቤተ ክርስቲያን በሞተር አመጣኝ። ዲያቆኖቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መንገዱን ሁሉ እየዘፈነ ነዳ። ደስ አለኝ። ክፉ ክፉውን ማሰቤ አሳፈረኝ።

ሰኞ

ዛሬ ልንሞት ነበር።

ከሥራ ሲመለስ ከሱቄ ወሰደኝ። ሞምባሳ መንገድ ላይ ፊታችን ኮንቴነር የጫነ መኪና ቆሟል። ታደሰ ወደ እሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጠራሁት፣ አይሰማም። ጀርባውን መታሁት፣ አይሰማም። በሁለት እጄ ወገቡን ይዤ ወደ ጎን ስስበው ነው የባነነው። ፍሬን ያዘ። “ደህና ነኝ” አለ፣ ምላሱ እየተሳሰረ።

እቤት ደርሶ በላ፤ ወዲያው ሰው ሆነ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የበራልኝ። በጊዜ የበላ ቀን ደህና ነው።

የስኳር በሽታ አለበት። የስኳር ክኒንህን ትውጣለህ ወይ አልኩት። ኮራ። “መቼ አቋርጬ አውቃለሁ? ሌሊት ስነሳ ያለ ውሃ ነው የምውጠው። ጾሜም አልተነካ፣ ሐኪሙም አልተቀየመ።”

ስኳር የሚያወርድ ክኒን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆድ! በገዛ ብልሃቱ ራሱን እየገደለ ነው። ብነግረው “ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፌ አላውቅም” ብሎ ፊቱን አዞረ።

ማክሰኞ

እኔን ካልሰማ የሚሰማው አለ ብዬ የንስሐ አባታችን ዘንድ ወሰድኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም “ልጄ፣ የታመመ ሰው ጾሙ መታዘዝ ነው። ጠዋት የጾም ምግብ በልተህ ክኒንህን ዋጥ። ኃጢአቱ እምቢ ማለትህ ነው” አሉት።

“እሺ አባቴ” ብሎ መስቀል ተሳለመ። በር ላይ ግን ክንዴን ይዞ “መጋዘን ያሉት የሐበሻ ልጆች ምን ይሉኛል? ጋሽ ታደሰ ገደፈ ሊሉኝ?” አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አሳዘነኝ፤ አናደደኝም።

ረቡዕ

ሌሊት ተነስቶ ክኒኑን ዋጠ። ቁርስ ሳቀርብ “እዚያ ደርሼ እበላለሁ” አለ። በማታቱ ታክሲ ሂድ ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዳቦና ሙዝ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ እያየ።

አሁን ሱቅ ነኝ። ስምንት ሰዓት ነው የሚወጣው፣ እስካሁን መድረስ ነበረበት። ስልኩን አያነሳም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። ለደንበኛ በርበሬ ስመዝን ሚዛኑ ሁለት ሆኖ ታየኝ።

ደወለ። ሞምባሳ መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ አለ። ወደቅክ? አልኩት። “አልወደቅሁም። እጄ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሞተሯን አቆምኳት።” አፉ ሞልቷል፣ እያኘከ ነው። ጠዋት አልበላሁም አለ። ከመጋዘን ልጆች ሁለቱ በማታቱ ሲያልፉ አይተውታል። ታዲያስ አልኩት። “ታዲያማ ሙዙን አልደበቅሁም።”

ድምፁ አሁንም ይንቀጠቀጣል። “መንዳቱን እንጃ፣ ነይ ውሰጂኝ” አለኝ። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ሱቁን ልዘጋ ነው።