ያልጠጣሁት ቢራ ዋጋ

ጎርዲ፣

ሥራ ረፍዶብኛል። ድንቹ ኦቭን ውስጥ ነው፤ ሳህኑን ራስህ እጠብ።

ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት የመኪናዬ ኢንሹራንስ ነው። የዘንድሮው ካምናው እጥፍ ሆኗል። ኢንሹራንሱ ቢሮ ደውዬ፣ «እኔ በሕይወቴ ቢራ ቀምሼ አላውቅም» ብላት ልጅቷ፣ «እሱማ ልክ ነው፤ ግን ጠጥቶ በመንዳት የተፈረደበት ሰው አብሮዎት ይኖራል» አለችኝ። ለካ የምንጋራው የቤት ኪራይ ብቻ አይደለም።

መፍትሔም ነግራኛለች። የኔን መኪና እንደማትነዳ ከፈረምክ ዋጋው ይወርዳል። ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ በእርሳስ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ላይ ፈርም። የራስህ ፒካፕ ኢንሹራንስ ስንት እንደገባ አልጠየቅኩልህም። ቁጭ ብለህ ራስህ ስማው።

ቁልፌን ይዤው ሄጃለሁ፤ አትፈልገው።

ጠጥተህ ስትነዳ ስለተያዝክባት ስለዚያች ዓርብ ደግሞ ሳናወራ ከረምን። ከጓደኞችህ ከነዴል ጋር በረዶ የሆነው ሐይቅ ላይ ዓሣ ስታጠምዱ እንደዋላችሁ አውቅ ነበር። እዚያ ስትውሉ ስንት ጣሳ ቢራ እንደምትጨርሱም አውቃለሁ። መኪናዬ ሥራ ቦታ አልነሳ ሲለኝ ግን ታክሲ ውድ ነው ብዬ የደወልኩት ላንተ ነው። አንተም ወዲያው «መጣሁ» አልከኝ።

ፖሊስ ፊትም ፍርድ ቤትም ስሜን አላነሳህም።

ልጅቷ ስልኩን ልንዘጋ ስንል፣ «ለመሆኑ ያን ቀን እንደዚያ ጠጥቶ ወዴት እየሄደ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላውቅም አልኳት።

አርሊን