ሁለታችንም ስንተኩስ

ካፒቴን ወንድሜ፣

ምድጃው ጋዝ ጨርሷል። በአንተ የጠፈር ጨዋታ የነዳጅ ታንክ በቦምብ ሲመታ መንኮራኩሯ ነዳጅ ትሞላለች፤ እኛ ቤት ግን ሲሊንደሩን ተሸክሞ መሄድ ግድ ነው።

ሌላው ነገር...

ሳሎን የገተርከው አሮጌ የጨዋታ ማሽን ያለችንን አንድ ሶኬት ይዟል። ወር ሙሉ ስትተኩስ ዝም አልኩህ። ዛሬ አዲስ ሥራ ልጀምር ነውና እኔም ሸሚዜን ልተኩስ ብዬ ነቀልኩት።
ከተነቀለ ሪከርዱን ይረሳል ያልከኝ ትዝ ያለኝ ካውያውን ሳስቀምጥ ነው።
ክው አልኩ።

ባዶ እንዳታገኘው ብዬ አንዴ ተጫወትኩ፤ ወዲያው ተራራ ላይ ተከሰከስኩ። አሁን አንደኛዋ እኔ ነኝ፣ በመቶ ሃያ ነጥብ። ከቻልክ አውርደኝ።

ሰማያዊው ሸሚዝህ ወንበሩ ላይ ነው። እሱንም ተኩሼልሃለሁ።
የእኔ ተኩስ ቢያንስ ይለበሳል።

እህትህ