በእጄ ላልገባ ጉርሻ የተቆረጠብኝ ታክስ

ለተከበሩ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣
የ«ሞገስ» ምግብ ቤት ባለቤት፣
ኦክላንድ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ፣ በቅርቡ ሳን ሆዜ የከፈቱት ሁለተኛው ቤትዎም ጭምር፣ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ በኦክላንዱ ቤትዎ ዓመታት ትሪ ስሸከም የኖርኩት አስተናጋጅዎ ሀረገወይን፣ ከወገቤና ከደሞዜ በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ የቤይ ኤሪያ ሐበሻ ሁሉ በሚያነበው የቴሌግራም ገጽ ላይ የማወጣው ልዳፈርዎ ፈልጌ አይደለም። በግል ላነጋግርዎ ደጋግሜ ብሞክር «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ስለሸኙኝ፣ የቤተሰብ ጉዳይ ዘመድ በተሰበሰበበት ቢታይ ይሻላል ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ስለ ቋንቋ ችሎታዎ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ከፋሲካ ወዲህ በየጠረጴዛው ባስቀመጡት ካርድ ላይ፣ በእንግሊዝኛው በኩል ሀያ ፐርሰንት የሰርቪስ ክፍያ እንደሚታሰብና ገንዘቡ ለቤቱ ሥራ ማስኬጃ እንደሚውል በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ካርዱን ገልበጥ ሲያደርጉት ግን በአማርኛ፣ ያውም በደማቁ፣ «ውድ ደንበኞቻችን፣ የአስተናጋጆች ጉርሻ በሂሳቡ ውስጥ ስለተካተተ አይቸገሩ» ይላል። ያው ሀያ ፐርሰንት በእንግሊዝኛ የእርስዎ፣ በአማርኛ የእኔ መሆኑ ነው። የአገሬ ሰው አማርኛውን አንብቦ ድርሻዬን የሰጠኝ መስሎት፣ መርቆኝና ስሞኝ ይወጣል። ፈረንጁም እንግሊዝኛውን አንብቦ፣ ይህን ያህል ከከፈልኩ ይበቃል ብሎ ይወጣል። እኔ በሁለቱም ቋንቋ ባዶ እጄን እቀራለሁ።

ሁለተኛ፤ ይህ በእጄ ያልገባ ገንዘብ ከቼኬ ጋር በሚሰጠኝ የደሞዝ ዝርዝር፣ በፔይስተቤ ላይ «ቲፕ» ተብሎ፣ ተቀብዬ እንደ ጨረስኩት ተመዝግቦ ስላገኘሁት፣ ስለ ልግስናዎ አመሰግናለሁ። የፌዴራሉም፣ የስቴቱም፣ የሶሻል ሴኩሪቲውም ታክስ በዚያ ላይ ይታሰብና በሰዓት ከሚታሰብልኝ ደሞዝ ላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ቤቱ በሞላ ቁጥር ቼኬ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ትልቅ ድግስ ተይዟል ሲባል፣ ልከስር ነው ብላ የምትሳቀቅ አስተናጋጅ ፈጥረዋል። አካውንታንትዎን አቶ ይዲድያን ብጠይቃቸው «ሲስተሙ ነው ኦቶማቲክ የሚያደርገው፣ ዶንት ወሪ» አሉኝ። ሲስተሙ ተሳስቶ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ሲያደላ አላየሁትም።

ሦስተኛውን ለማሳጠር እሞክራለሁ። ቲፕ ላይ ታክስ ቀረ የሚለው ወሬ ከተሰማ ጀምሮ ደንበኞች «እንኳን ደስ አለሽ» ይሉኛል። መንግሥት ታክሱን ከቲፑ ላይ አነሳ ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ቲፑን ከታክሱ ላይ አንስተው ታክሱን ብቻ ተዉልኝ። ምስጋናዬ ለሁለታችሁም ይድረሳችሁ።

አራተኛ፤ ስለዚያ ሰኞ ስብሰባ። የሥራ ባልደረባዬ መቅዲ፣ ከእኛ ሁሉ ልጅ ስለሆነች ገና መፍራት አልለመደችምና፣ በአክብሮት እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ካርዱ ላይ ያለው ጉርሻ መቼ ነው የሚሰጠን?» ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም ሳቅ ብለው ከፊትዎ ከነበረው ክትፎ በእንጀራ ጠቀለሉና «ጉርሻ ነው ያላችሁት? እንኩ ጉርሻ!» ብለው በአፏ ከተቱባት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አቶ ይዲድያማ እንባቸው እስኪወርድ ነበር የሳቁት። የታላቅ ሰው እጅ አይመለስም ተብዬ ስላደግሁ አፌን ከፈትኩ። ጋሼ፣ ይህን ያለ ምንም ማሽሞንሞን ልንገርዎ፤ አስጠሉኝ። ሰው የሚወደውን ሰው በሚያጎርስበት እጅ አፋችንን ዘጉበት፤ እኔም አላምጬ መዋጤ ራሴን አስጠልቶኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ክትፎ ወደ ጠረጴዛ ይዤ ስሄድ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ።

አምስተኛው የመጨረሻው ነው፣ ደብዳቤውንም ያስጻፈኝ እሱ ነው። እንደሚያውቁት ከእናቴ ከወይዘሮ ያለምዘውድ ጋር የምንኖረው ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በተመደበ አፓርታማ ውስጥ ነው። በየዓመቱ ገቢያችን ይታያል። ዘንድሮ የአፓርታማው ማናጀር ፔይስተቤን አገላብጣ አየችና፣ ምስኪን ደስ የሚያሰኝ ወሬ የነገረችኝ መስሏት «ኮንግራጁሌሽንስ!» አለችኝ። ገቢዬ አድጎ ከልኩ አልፏልና፣ ወይ ሙሉውን የገበያ ኪራይ እንከፍላለን፣ ወይ በወሩ መጨረሻ እንለቃለን። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ከዚያ ቤት ወደ ክሊኒክ የሚወስደውን አውቶቡስ ደረጃውን በዳበሳ ታውቀዋለች። ሌላ ሰፈር ብንሄድ ያለ ሰው ከበር አትወጣም።

ይህን ነግሬዎ፣ ገንዘቡ በእጄ እንዳልገባ የሚገልጽ አንዲት ደብዳቤ ብቻ እንዲጽፉልኝ፣ ፔይስተቤንም እንዲያስተካክሉልኝ ለመንኩዎ። እርስዎም ትንሽ አሰቡና «ለአንዷ ከጻፍኩ እኮ ለሁሉም ልጽፍ ነው» አሉኝ። በዚህ ቤት ስሠራ ከአፍዎ የሰማሁት እውነት ይህ ብቻ ስለሆነ፣ እሱንም ሳላመሰግንዎ ማለፍ አልፈለግሁም።

እንግዲህ ልመናዬ ያው ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ያቺን ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ለሁላችንም ይጻፉ። በእንግሊዝኛ እንዲሆን እለምናለሁ፤ በአማርኛ ሲጽፉ ቸርነትዎ ይበዛል።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤንነትና ሦስተኛ ቅርንጫፍ እየተመኘሁልዎ፣ ትሪዎን በአክብሮት የምሸከም፣ ያላገኘሁትን ገቢ ግብር በትሕትና የምከፍል፣ ቤተሰብ ነሽ ስላሉኝም ለመቆጣት መብት ያገኘሁ፣

ሀረገወይን

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርኩት፦ ባለፈው እሑድ ማኅበራችን ከቤት ሊወጣ ለተቃረበ አንድ ቤተሰብ እርዳታ ሲያሰባስብ፣ ቀድመው ተነስተው ገንዘብ የሰጡት እርስዎ እንደነበሩና አዳራሹ በጭብጨባ እንደተናወጠ ሰምቻለሁ። ስሙ ለክብሩ ሲባል ያልተጠራው ቤተሰብ እናቴና እኔ ነን። ገንዘቡ ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ከታክስዎ ላይ የሚያስቀንሱበትን ደረሰኝ ማኅበሩ በፖስታ ይልክልዎታል።