የጸለዩላት ምራት እኔ ነኝ

ውድ እማማ፣

ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ነገሬ ልግባ፤ ካላሳጠርኩት ወኔዬ ያልቅብኛል። ሁላችንም ደህና ነን። ልጅዎ ደህና ነው፤ ካልሲውን ዛሬም ሶፋው ሥር ይጥላል። የመስኮቱ ዳር አበባዎም ደህና ነው፤ እንዳዘዙኝ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ አጠጣዋለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅዎ ስትደውል ሻይ እየጠጣን ነበር። ሕፃን ልጇ ሁለት ጥርስ ማብቀሉን፣ በእርስዎ ጣት ላይም መሞከሩን ነገረችን። ከዚያ «እማዬ እዚሁ ልትቀር ወስናለች። ሁለት ወር ብላ መጥታ ይኸው አምስት ሆናት፣ ከዚህ በኋላ ለምን ትንከራተታለች? የቀረ ዕቃዋን በቅዳሜው አውቶቡስ ላኩልን» አለች። ልጅዎ ስልኩን ዘግቶ «ደስ ካላት ምን ይደረጋል» አለና ሻዩ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨው ጨምሮ አማሰለው። ጠጣውም። ጨው መሆኑን እስካሁን አልነገርኩትም።

እኔ በዚያ ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ለመንገር አራት ዓመት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ይቀመጡ። መነጽርዎንም ያድርጉ። ፊደሎቹን ያገዘፍኳቸው ብቻዎን እንዲያነቡት ነው፤ ለሴት ልጅዎ ሰጥተው እንዳያስነብቡኝ አደራ።

የእህቶች ጸሎት ቡድናችንን ቅርጫት ያስታውሷታል። ሁላችንም የጸሎት ርዕሳችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ ስም ሳንጠራ አጥፈን እንጥላለን፤ ከዚያ እያንዳንዳችን አንድ አንድ አውጥተን ቤታችን ወስደን ሠላሳ ቀን እንጸልይበታለን። የማን ነው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። መሪያችን፣ ዳቦ ቤት ያላት እህት፣ «የደረሰሽን ሊጥ ጋግሪ፤ ማን አቦካው አትበይ» ትለን ነበር።

እንግዲህ እማማ፣ ከአራት ዓመት በፊት በአንዱ ወር «አማቴ ወደ ሴት ልጃቸው ቤት እንዲሄዱ፣ ክፍላቸውም ለእኔ እንዲሆን ጸልዩልኝ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ይኸው ወጣልኝ።

ያኔ የምሰፋው ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ቁርስ ሲደርስ ጨርቁን አነሳለሁ፣ ምሳ ሲደርስ አነሳለሁ፣ እራት ሲደርስ አነሳለሁ። አንድ ቀን ልጅዎ ሾርባው ውስጥ መርፌ አገኘና «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ቅመም ናት?» አለኝ። የእርስዎ ክፍል ደግሞ ብርሃን የሞላው፣ በር ያለው፣ ጸጥ ያለ ነው። በዚያ ላይ እርስዎ ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል ሲስተር ነበሩ፤ ሰፈሩ ዛሬም ሲስተር እያለ ነው የሚጠራዎት። ቤታችንንም እንደ ታማሚ ክፍል ነበር የሚያስተዳድሩት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል መስኮት ይከፈታል፣ ብርድ ይግባ ሙቀት። የአልጋ ልብስ ጥጉ በትክክል ካልታጠፈ ይፈታል፣ እንደገና ይነጠፋል። ከሁሉ የባሰው ግን ከኋላዬ ቆመው «ልጄ፣ ይቺ እጅጌ ወደ ግራ አላዘነበለችም?» ማለትዎ ነበር። የሚያናድደኝም ሁልጊዜ ማዘንበሏ ነው።

ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ በግራ እጄ ጻፍኩት። ቅርጫቱ ዞሮ እርስዎ ጋ ሲደርስ እጅዎ ገብቶ የእኔኑ ወረቀት ይዞ ወጣ፤ አጣጠፌን አላጣውም። ክው አልኩ። አነበቡት፣ መነጽርዎን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አድርገው ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቦርሳዎ ውስጥ ከትተው ቤት እስክንደርስ ስለ ዝናቡ ያወሩልኝ ጀመር። ተመስገን አልኩ በሆዴ፣ አላወቁም።

በማግሥቱ ጠዋት ወጥ ቤት እንቁላል እየጠበስኩ ድምፅዎ በግድግዳው መጣ። ያ ግድግዳ እንደሆነ የሚያስቀር ነገር የለውም። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ምስኪን እህት አስባት። አማቷ ምን ዓይነት ሰው ብትሆን ነው ልጅቷን እንዲህ ያስመረረቻት? የአሮጊቷን ምላስ እሰርላት። በሰው ሥራ ገብታ የምትፈተፍትበትን እጇንም ያዝላት!»

እንቁላሉ አረረ።

እማማ፣ ሠላሳ ቀን ሙሉ በየጠዋቱ ሰማሁዎት። ከሁሉ የገረመኝ መልሱ መፍጠኑ ነበር! በሦስተኛው ሳምንት ስለ እጅጌ መናገር ተዉ። መስኮቱንም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መክፈት ጀመሩ። እኔ ሞኟ «ጌታ ሆይ፣ ሳታውቅ በራሷ ላይ እየጸለየች ተለወጠች» እያልኩ በሳቅ እፈርስ ነበር። ከሳቁ በኋላ ግን ሆዴ ይባባል። ለማያውቋት ሴት እንዲህ እንባ እያፈሰሱ የሚለምኑ ሰው፣ እንዲሄዱልኝ የምጸልይባቸው ሰው ናቸው? በአሥራ አምስተኛው ቀን ወጥ ቤት ቆሜ እኔም «አሜን» አልኩ፤ ለየትኛው ነገር አሜን እንዳልኩ ግን ለራሴም አልገባኝም።

ያ የትምህርት ቤት ሥራ የመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ስልሳ ሸሚዝ፣ በሸሚዝ ሰባት ቁልፍ፣ ለሰኞ ይድረስ ተባልኩ። ተስፋ ቆርጬ ሳፈጥ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ቀዳዳዋን አላያትም እንጂ እጄ አልረሳም፤ መርፌውን ክር እያስገባሽ ስጪኝ» አሉኝ። ቁልፎቹን እንደ ቁስል ሰፏቸው፤ በየአንዳንዱ ላይ ሦስት ቋጠሮ። ዳይሬክተሯ በዓመቱ አግኝታኝ «ሸሚዙ አለቀ፣ ቁልፉ ግን እንደቆመ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሃያ መርፌ ክር አስገብቼ እሰካልዎት ነበር። ስለ ዓይንዎም አብረን ጸለይን፤ አልተመለሰልንም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ ዛሬም እለምናለሁ። ሃያውን መርፌ እስክጨርስ ግን የልቤን ሁሉ የነገርኩት ለእርስዎ ነበር፤ ከዚያች ወረቀት በቀር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ እኔ ደግሞ ከአፌ እንዳትወጣ አራት ዓመት ዋጥኳት።

እሑድ ስልኩ ሲዘጋ፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት «ተመለሰልኝ!» ብዬ ነው። አራት ዓመት ዘግይቶ፣ ግን ተመለሰ። ሜትሬን ይዤ ክፍልዎ ገባሁ። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ለካሁ። ደግሜ ለካሁ። ላሠራው የተመኘሁት የመቁረጫ ጠረጴዛ በአንድ ክንድ አይገባም። አልጋው ቢወጣም አይገባም። ልብስ ሰፊ ሆኜ፣ ጨርቅ ሳልለካ መቀስ አንስቼ የማላውቅ ሴት፣ ያልለካሁትን ክፍል ለምኜ ኖሬያለሁ! ወለሉ ላይ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ክፍሉ ጭር ማለቱ ተሰማኝ፤ ግድግዳው ዝም ብሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ሰኞ ዕቃዎን ላሽግ ተነሳሁ። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥንዎን ከፍቼ ፋሻውን ሳነሳ ሥሩ ያችን ወረቀት አገኘኋት። ከአንድ የታካሚ ካርድ ጋር በመርፌ ቁልፍ ተያይዛለች። ካርዱ ላይ በእርስዎ እጅ እንዲህ ይላል፦

«ቀን 1። ወረቀቱ የልብስ ንድፍ የሚቆረጥበት ቡናማ ወረቀት ነው። ከቡድናችን ልብስ ሰፊ አንድ ብቻ ናት። በግራ እጇ መጻፏ ደግነት ነው፤ እንዳይከፋኝ አስባለች። ጸሎት ተጀመረ።»

«ቀን 3። ቁም ሳጥኑን በኃይል ዘጋች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስለ እጅጌው መናገር አልነበረብኝም። እጅጌው ግን ጠማማ ነበር።»

«ቀን 15። ግድግዳው ወዲያ ማዶ አሜን አለች።»

«ቀን 30። ታማሚዋ ተሽሏታል። አሮጊቷ ገና ናት። ሕክምናው ይቀጥል።»

ሲስተር! አውቀው ነው ለካ! ያ ሁሉ «ምላሷን እሰር» ለእኔ ጆሮ የተጮኸ ነበር፣ ለእግዚአብሔርም የተለመነ ነበር፣ በራስዎም ላይ የወደቀ ነበር። እኔ በእርስዎ ስስቅ ማን በማን ላይ ይስቅ እንደነበር አሁን ገባኝ። ፊቴ እስኪቃጠል አፈርኩ።

ካርዱ እስከ ታች ተሞልቷል፤ ፊደሉ ከዓመት ዓመት እየገዘፈ ይሄዳል። የመጨረሻው የተጻፈው የሄዱ ዕለት ጠዋት ነው። «ዛሬ ወደ ልጄ እሄዳለሁ። ለሁለት ወር ብያቸዋለሁ። ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ አራት ዓመት ዝም አልካት፤ ዛሬም የምትሰፋው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። አንተ ካልሰጠሃት እኔ ልስጣት። ይቅር በለኝ። እሷን ሳላይ መዋል አልለመድኩም።»

አልጋዎ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጥጉን አበላሽቻለሁ፤ መልሼ አጥፌዋለሁ።

ማክሰኞ ለልጅዎ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ «እማዬ እንድትባረር ራሷ ጸለየች?» ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከእሑድ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ሳቁን ቁርጥ አድርጎ «አንቺ ግን ጻፍሽው?» አለኝ። ጻፍኩት አልኩት። ተቀየመኝ፤ መቀየምም ሲያንሰው ነው። ቀኑን ሙሉ ሳያናግረኝ ውሎ እራት ላይ «ጻፊላት እንግዲህ፤ በቀኝ እጅሽ» አለኝ።

ይኸው በቀኝ እጄ እየጻፍኩ ነው። ይቅር ይበሉኝ እማማ።

ይቅርታዬን እንደተቀበሉኝ ቆጥሬ ደግሞ ትንሽ ልቆጣዎት። ሠላሳ ዓመት ሲስተር ሆነው ሐኪሙ ያላዘዘውን መድኃኒት ለታማሚ ሰጥተው ያውቃሉ? ምንም ብትጮህ፣ ምንም ብትለምን? ታዲያ እግዚአብሔር አውቆ የከለከለኝን እርስዎ በምን ሥልጣን ሰጡኝ? ዝም አለኝ ብዬ አኩርፌ ነበር፤ ዝም አላለም። ክፍሉን ያኔ ቢሰጠኝ በሩን ዘግቼ እሰፋ ነበር፣ እርስዎንም «የሄዱልኝ አማቴ» ብዬ ብቻ አውቅዎት ነበር። እሱ ግን በየጠዋቱ በግድግዳው ሲያናግረኝ ነበር። እንቢታው ምን ያህል እንደጠቀመኝ ያወቅሁት እሺታው የመጣ ዕለት ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜ ልምጣ። ልብዎ ከሕፃኑ ጋር መሆን ከፈለገ ይቅሩ። ይህን የምለው ጥርሴን ነክሼ ነው፣ ግን ከልቤ ነው። ትናንት ጸለይኩበት። እንዲመለሱልኝ ለመንኩና «ግን አንተ እንዳወቅህ» አልኩ፤ ያችን «ግን» ከአፌ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከወጣች በኋላ ግን ቀለል አለኝ፤ ተነስቼ የቀረኝን ሁለት ጉርድ ዘመዘምኩ። አንዱ ጠማማ ነው፤ የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ሳይፈታ ሄዷል።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከእናንተ ዘንድ የሚመጣው አውቶቡስ ሲደርስ እኔና ልጅዎ መናኸሪያ እንቆማለን። ዕቃዎንም አሽገን እንይዛለን። ካልወረዱ ሲመለስ እንዲያደርስልዎት ለሹፌሩ እንሰጠዋለን፤ አለቅሳለሁ፣ ከእግዚአብሔር ጋር ግን አልጣላም። ምክንያትዎ ሕፃኑ ከሆነ፣ ዕድሜ ይስጥዎት፣ ያሳድጉት። እኔ ከሆንኩ ግን አልቀበልም። ለእኔ ብለው ከሆነ የቀሩት፣ እማማ፣ ለእኔ ብለው ይምጡ።

ምራትዎ