አባሪ ሆኖ የተበሳው ዲስክ

ሰኞ፣ ጥር 9 ቀን 1980

ንፋስ። የሆሳዕና ከተማ አቧራ ዛሬም ከኔ ቀድሞ ሥራ ገብቷል። ጠረጴዛ ጠረግሁ፣ የማዳበሪያ ዝርዝሬን ዘረጋሁ፣ እርሳስ ቀረጽሁ... ሌላ ምን? አዎ፣ ኮምፒዩተሩ አልነሳም አለ።

ለታሪክ ይመዝገብ፦ የእርሻ መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ካገኘ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። ከባሕር ማዶ በእርዳታ መጣ። ጥልፍ ጨርቅ አለበስነው። ኃላፊያችን ጓድ ቸኮል ንግግር አደረጉለት፤ እሱም በጨዋ ደንብ ዝም ብሎ አዳመጠ። አዲስ አበባ ሄዳ የሠለጠነችበት ታይፒስታችን ገነቴ ብቻ ናት። ጠዋት ጠዋት አንዲት ጥቁር፣ ስስ፣ አራት ማዕዘን ዲስክ ታጎርሰዋለች፤ ያጉረመርማል፤ ይነቃል። መነሻ ዲስክ ትለዋለች። ያለሱ ሣጥን ነው።

ዛሬ ዲስኩ ከመሳቢያዋ የለም። ባዶ አፉን ስታበራው በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ጻፈ። ጓድ ቸኮል ከኋላዋ ቆመው ኖሯል።

«ምን ይላል?»

«ሲስተም የለም ነው የሚለው፣ ጓድ።»

«ሥርዓት የለም?... የትኛው ሥርዓት ነው?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ወደ ውስጥ ስቄ ጎኔን አመመኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 10

ዲስኩ ተገኘ! የት? መዝገብ ቤት፣ ፋይል ውስጥ፣ በሁለት ቀዳዳ ተሰክቶ፣ ከደብዳቤ ጋር ተጠርዞ።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ የንብረት ቆጠራ ነበር። የመዝገብ ቤት ሹማችን ጋሼ ወልደኪዳን ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ያዩታል። የመጣበት ደብዳቤ ግርጌ «አባሪ፦ አንድ ዲስክ» ይላል። አባሪ ደግሞ ከደብዳቤው ተለይቶ አያድርም፤ ይህ በጋሼ ወልደኪዳን ዘንድ አሥራ አንደኛው ትእዛዝ ነው። ወሰዱት፤ በወረቀት መብሻቸው በሱት፤ አሠሩት።

ገነቴ ይዛው ቀረበች። ቀዳዳዎቹን በጣቷ አሳየች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ተበሳ።»

«ታዲያስ? ፋብሪካው ራሱ መሃሉ ላይ በስቶታል። እኔ ሁለት ብጨምርለት ምን ይሆናል?»

እውነትም መሃሉ ላይ ትልቅ ክብ ቀዳዳ አለው! በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጠንካራ መከራከሪያ ሰምቼ አላውቅም።

አጎረሰችው። ቅርርር... ቅርርር... ሲስተም የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ጋሼ ወልደኪዳን ታቦት ሸኙ። እኔ ቤት ተኝቼ ስለ ቀዳዳ አሰብሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 12

ስብሰባ። የሚቀጥለው ሳምንት ሲያልቅ፣ ሰኞ ጥር 23፣ ከበላይ አካል እንግዳ ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሲሠራ ያያል። ጓድ ቸኮል እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አንኳኩ።

«ማሽኑን ፈርማ የተረከበች ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አለች ገነቴ።

«እንግዳው እስኪመጣ ካልተነሣ፣ ይሄ ብልሽት አይባልም። ሻጥር ነው። ጉዳይሽ ወደሚመለከተው አካል ይተላለፋል።»

የሚመለከተው አካል... አንዴ ከተመለከተ ዓይኑን አይነቅልም። ያለፈው ዓመት የጎረቤታችንን ሾፌር ስለ አንድ ጎማ ተመልክቶት እስካሁን አልተመለሰም።

ጓድ ቸኮል ስለ ቀዳዳው አያውቁም። የተበላሸው ማሽኑ ይመስላቸዋል። አንድ ቃል ብናገር ገነቴ ትድናለች፤ በምትኳ ጋሼ ወልደኪዳን ይገባሉ። ሰኔ ላይ ጡረታ የሚወጡ ሰው! ሻጥር ቢሉት ሻጥር ምን እንደሆነ ደንብ አገላብጠው የሚፈልጉ።

ከስብሰባው ስንወጣ ኮሪደር ላይ እጄን ያዙኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ማቴዎስ፣ ልጅቷን እኔ ነኝ ለካ...»

«ዝም ይበሉ ጋሼ።»

«እንዴት ዝም እላለሁ? ሄጄ እናገራለሁ።»

«ቢናገሩ ማሽኑ ይነሣል?»

አሰቡ። «አይነሣም።»

«እንግዲያው ይታገሡኝ።»

ምን ይዤ ነው ታገሡኝ ያልሁት? እኔንጃ። አፌ ከኔ ይቀድማል። አዲስ አበባ ስልክ ተደውሎ ሌላ ዲስክ ተጠይቋል፤ መልሱ፦ ጥያቄው በደብዳቤ ይቅረብ።

ዓርብ፣ ጥር 13

ግን ውስጡ ምን አለ?

ከትናንት ጀምሮ አላስቀመጠኝም። የሞተ ነገር መክፈት ኃጢአት አይደለም ብዬ ገነቴን ለመንኋት። «ከዚህ በላይ ምን ታደርገዋለህ» ብላ ሰጠችኝ። ጎኑን በምላጭ ሰነጠቅሁት።

እንዲያው ይሄው ነው? ቡናማ፣ ስስ፣ እንደ ክብ ቅጠል የምትንቀጠቀጥ ላስቲክ። ዙሪያዋ ነጭ ስስ ጨርቅ። ብርሃን ላይ አንሥቼ አየኋት፣ አሸተትኋት (ሽታዋን የት ነው የማውቀው?)፣ በጥፍሬ ጫርኋት... የካሴት ክር! የካሴት ክር ጠፍጥፈው ክብ ያደረጉት!

ዘልዬ ተነሣሁ። ካሴት ከሆነ ደግሞ ይገለበጣላ! የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ መዝሙር ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው እየገለበጥን አይደል እንዴ የምንኖረው? የጊምቢቹ ዘማሪዎች ድምፅ ሆሳዕና የደረሰው በምን ሆነና? (ይህን ገጽ ጓድ ቸኮል ካነበቡት፦ ደራሲው ሌላ ማቴዎስ ነው።)

እንግዲህ የሚያስፈልገው ሌላ ጤነኛ ማሽንና ባዶ ዲስክ ነው። ባዶ ዲስክ ገነቴ ጋ ከነካርቶኑ አለ። ጤነኛ ማሽን...

ጵርስቅላ!

ቅዳሜ፣ ጥር 14

ታላቅ እህቴ ጵርስቅላ ዳምቦያ፣ የእርዳታ ድርጅት ጸሐፊ ናት። ከኛው ጋር አንድ ላይ በመርከብ የመጣ ኮምፒዩተር አላቸው፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ገነቴ ልሂድ አለች፤ ከከተማ እንዳትወጣ ታዝዛለች። እኔ እሄዳለሁ።

ቀበሌ፣ የይለፍ ወረቀት። የጉዞ ምክንያት? ኮምፒዩተር መቀስቀሻ ላመጣ ብል ሦስት ኮሚቴ ይቋቋምበታል። «እህቴ ታማ» አልሁ። እግዚአብሔር ይማራት።

ማክሰኞ፣ ጥር 17፤ ዳምቦያ

ከእህል ኩንታል ላይ ተቀምጬ መጣሁ። ያልቆጠርሁት አጥንት የለኝም። ሕመምተኛዋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ጉንጯ ቲማቲም መስሏል።

«ደግሞ ምን ሰበራችሁ?»

«አልሰበርንም፣ እትዬ። በሳን።»

ነገርኋት። ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የገነቴን ነገር ስጨምርላት ሳቋን ዋጠችው። «ና ግባ» አለች።

የነሱን መነሻ ዲስክ በአንዱ አፍ፣ የኛን ባዶ በሌላው አፍ አገባች። ያለው ሁሉ ስሙ ተራ በተራ ስክሪኑ ላይ ተዘረዘረ። አንድ ሳይቀር ገለበጠች። ስሞቹን ከዋናው ጋር አስተያየሁ፤ ሙሉ ነው። ማሽኑን አጠፋን፤ ግልባጩን አጎርሰን አበራን።

ሲስተም የለም።

«እንዴት? ሁሉም አለ እኮ! እኔው ራሴ አየሁ!»

ጵርስቅላ መመሪያ መጽሐፉን ይዛ ቁጭ አለች። ገጽ ትገልጣለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔ ከኋላዋ እንደ ዶሮ እቁነጠነጣለሁ። ኋላ ቀስ ብላ ቀና አለች።

«የሚቀሰቅሱት በዝርዝሩ ላይ አይታዩም። የተደበቁ ናቸው።»

«ስማቸው ያልተመዘገበ?»

«ያልተመዘገበ። ስትገለብጥ አብረው አይመጡም። እነሱ ከሌሉ ግን ምንም ነገር አይነሣም።»

ተያየን። እሑድ እሑድ እሷ የት እንደምትውል አውቃለሁ፤ እኔም የት እንደምውል ታውቃለች። ማሽን ግን ይህን ከየት ተማረ?

መፍትሔው ይኸው፦ የሞላነውን ደምስሶ ዲስኩን እንደ አዲስ ፎርማት ማድረግ፤ ይኸውም እንደ እርሻ ማረስ ነው። ስታርስ ግን ትእዛዙ መጨረሻ ላይ አንዲት ፊደል ትጨምራለህ፤ ያቺ ፊደል ድብቆቹን መጀመሪያ መሬት ታስይዛቸዋለች። የሚታዩት ከዚያ በኋላ ይገባሉ። ቅደም ተከተሉ ነው ነገሩ።

አጠፋን። አበራን። ቅርርር... ጢት!... እና አንዲት የፈረንጅ ፊደል ብልጭ ድርግም።

እኔ ጮኽሁ። ጵርስቅላ አፌን በእጇ ከደነች። «ታማለች ተብሎ አይደል የመጣኸው? ሊያለቅሱልኝ ጎረቤቶች ይመጣሉ!»

ሌላም ደገምን። አንድ ብቻ ይዞ መሄድ ምን እንደሚያመጣ ተምረናላ።

ረቡዕ፣ ጥር 18

ጵርስቅላ ዲስኮቹን በካርቶን መሃል አድርጋ፣ በላዩ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ በቃጫ አሰረችልኝ፤ አቧራ አያስገባም። ቅቤም ጨመረችልኝ፤ እሱ ለብቻው በርጥብ ኮባ። «እንዳይነካካ!» አስር ጊዜ።

ኬላ ላይ ወረድን። ሚሊሻው ዘንቢሌን በረበረ። ቅቤውን ፈታ፣ ሌባ ጣቱን እስከ አንጓው አስገባ፣ ላሰ፣ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ፈታ። ጣቱ በቅቤ እንዳበራ ነው!

«ይሄስ?»

«ዲስክ ነው፣ ጓድ። እባክህ ጣትህን...»

«ጣቴን ምን?» ዲስኩን አወጣው። ቡናማዋ የምትታይበት ክፍት ቦታ ላይ አውራ ጣቱ ሊያርፍ የአንድ ፀጉር ያህል ቀርቶታል። ወደ ፀሐይ አንሥቶ በመሃል ቀዳዳው በአንድ ዓይኑ አየኝ። «ምን ይሠራል?»

ምላሴ ዛሬ ብቻ ከዳኝ። ገነቴ ታየችኝ፤ መዳፏን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠብቅ። እንደምንም፦ «የጓድ ቸኮል ነው። አሻራው ያረፈበት ሰው ሁሉ ስሙ ይወጣበታል።»

እጁ ደርቆ ቀረ። ጠርዙን በጥፍሩ ይዞ ወደ ቦታው መለሰው፤ ቃጫውን ከኔ በላይ አጥብቆ አሰረው። ቅቤውን ግን ለተጨማሪ ምርመራ አስቀርቷል።

ሐሙስ፣ ጥር 19

ገነቴ ዲስኩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አጎረሰችው። በሩ ላይ ጋሼ ወልደኪዳን ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዳዊት እየደገሙ ይመስለኛል።

ጢት!

ተነሣ። የገበሬዎቹ ዝርዝር ያለበትን ዲስክ ስታስገባ የሾንኮላው፣ የጊምቢቹው፣ የቦኖሻው ገበሬ ስም ሁሉ ወጣ። ገነቴ አላለቀሰችም። እንደበራ ጥልፉን ጣል አደረገችበትና ጨርቁ ላይ ግንባሯን ደፋች።

ዓርብ፣ ጥር 20

ስብሰባ። አለቀ ብዬ ነበር። የት!

«ተነሥቷል። መልካም» አሉ ጓድ ቸኮል። «ግን ማን ነው የጣለው?» የተበሳው ዲስክ እጃቸው ላይ ነው። ማን ሰጣቸው? ጠረጴዛ ላይ የተውሁት እኔው ጅሉ!

«ገነቴ፣ ይሄ ቀዳዳ ምንድን ነው?»

ገነቴ መሬት መሬት አየች። ልትናገር ትችል ነበር። አልተናገረችም። ወንበር ተንቋቋ፤ ጋሼ ወልደኪዳን ተነሡ። ኮታቸውን ቆለፉ።

«ጓድ፣ እኔ...»

«ጋሼ ወልደኪዳን ሊሉ የፈለጉት፣» አልሁ ዘልዬ፣ «መዝገብ ቤት አይጥ አስቸግሮናል ነው!»

ጓድ ቸኮል ዲስኩን አገላበጡ። ሁለቱ ቀዳዳ ክብ ነው፣ እኩል ነው፣ ልኩ ጠርዝ ላይ ነው። ጎኑን በምላጭ የሰነጠቅሁትም በአይጥ ላይ ታሰበ። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ተጓዘ... ጋሼ ወልደኪዳን ጠረጴዛ ላይ ያለው መብሻ ላይ አረፈ። ቆየ። ወደ ሽማግሌው ዞረ። ቆየ።

«እነዚህ አይጦች» አሉ በመጨረሻ፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «በሚገባ የተደራጁ ናቸው።»

«እጅግ በጣም፣ ጓድ።»

«ቃለ ጉባኤ ይያዝ። ድመት ይፈለግ።»

የገነቴ ጉዳይ ተዘጋ። ያወቁ ይመስለኛል። ካወቁስ... ይህን ሰው ሳላውቀው ነው እንዴ የኖርሁት?

ሰኞ፣ ጥር 23

እንግዳው መጣ። የበላውን ቁርጥ ሲያብራራ ዋለ እንጂ ኮምፒዩተሩን በር ላይ ሆኖ ነው ያየው። «ይሠራል?» «ይሠራል።» «በርቱ።» ሄደ።

ሐሙስ፣ የካቲት 3

ነፋሱ ቆሟል። ገነቴ የማዳበሪያውን ዝርዝር ጨረሰች። አንዱ ዲስክ እሷ መሳቢያ ነው። ሁለተኛውን ጋሼ ወልደኪዳን ዳዊታቸው በሚያድርበት የቆዳ ማኅደር ከተቱት፤ «እዚህ መብሻ አይደርስበትም» ብለው።

ከሰዓት ድመቷ ደረሰች። ከቦኖሻ፣ በቅርጫት፣ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር። ጋሼ ወልደኪዳን መነጽር አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦

«አባሪ፦ አንድ ድመት።»

ድመቷን አዩ። መብሻውን አዩ። ቢሮው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ድመቷ እንኳ።

ተነሡ። መብሻውን በሁለት እጅ ይዘው ገነቴ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት።

«አንቺው ጋ ይሁን። ከዛሬ ወዲያ ልበሳ ስል አስፈቅድሻለሁ።»

ገነቴ ደብዳቤውን ተቀበለች፤ ፊትና ኋላውን አየች፤ ኮስተር ብላ፦

«ደብዳቤው ይበሳ፣ ጋሼ። አባሪዋ ትለፍ።»

ሽማግሌው ሲስቁ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። ጥርሳቸው ወተት ነው ለካ።